ፊደል ቆጠራና ኮከብ ቆጠራ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ባዘጋበት ሰሞን አምቦ የምትኖረው እኅቴ ስልክ ደወለችልኝ። ገና «ሄሎ» ስትል ድምፅዋ ይስቃል። «ልጅህ እኮ ጉድ ሠራች! ሁለት መቶ አሥር ኮከብ አገኘች!»

ልጅህ የምትለኝ የራሷን ልጅ ነው። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ኮከብ መቁጠር በአገራችን የደብተራ ሥራ እንጂ የሕፃን ሥራ ሆኖ ስለማያውቅ «የምን ኮከብ?» አልኳት።

«የንባብ ነዋ! ትምህርት ቤቱ በቴሌግራም የላከልን ፕሮግራም አለ። በስልክ ነው የምትማረው። ባነበበች ቁጥር ኮከብ ይሰጣታል። በየሳምንቱ ደግሞ ሪፖርት ይመጣልኛል። ከክፍሏ ሦስተኛ ናት!»

እሰየው አልኩ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት፣ ልጅ ከልጅ በተለየበት ዘመን አንዲት ሕፃን ቤቷ ቁጭ ብላ ማንበብ ከተማረች ሌላ ምን ይፈለጋል? ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም አወራሁ። ሁለት መቶ አሥር ኮከብ ብዬ ጉራዬን ነፋሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። አምቦ የተወለደባት ከተማ ናት፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ከረመ። እኅቴን በመደበኛው ስልክ ሳገኛት ስለ ኮከብ አላወራችልኝም። በር ዘግተው ተቀምጠዋል። ልጅቱ ደጅ አትወጣም፤ ከተማው ሐዘን ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ኢንተርኔቱ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የገባላት መልእክት የፕሮግራሙ ሪፖርት ነበር። መስመሩ ሁሉ ቀይ ሆኗል። «ልጅዎ ትምህርቷን አቋርጣለች። እባክዎ ያበረታቷት» ይላል። ሦስተኛ የነበረችው ልጅ ወደ ጭራ ወርዳለች።

እኅቴ ይኼን ስትነግረኝ ሳቅም ልቅሶም ቀላቀላት። «እኛ እዚህ ምን እንደሆንን የማያውቅ እሱ ማነው የሚቆጣኝ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለመስቀል ጊዜ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፌ አምቦ ገባሁ። ቡናው ተፈልቶ፣ ቤቱ ሞቅ ብሎ ሳለ «እስቲ የምታነቢውን አሳይኝ» አልኳት። ስልኩን ይዛ እየሮጠች መጣች። ስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃልና ሦስት ሥዕሎች ወጡ። አንዱን ነካችው፣ ቀይ ሆነ። ሁለተኛውን ነካችው፣ ቀይ ሆነ። ሦስተኛውን ስትነካው ኮከብ ወጣ፤ አጨበጨበላት።

«ቃሉ ምን ይላል?»

«አላውቀውም ጋሼ። ግን ቀይ ካለ ሌላውን መንካት ነው» አለችኝ፤ ለዘገምተኛ ሰው እንደሚያስረዱ ሁሉ በትዕግሥት።

ሁለት መቶ አሥሩ ኮከብ የተለቀመው በዚህ ዘዴ ነው። ልጅቱ አላጭበረበረችም። ጨዋታው የጠየቃትን አደረገች። ጨዋታው ኮከብ አምጪ አላት እንጂ አንብቢ አላላትም።

ይኼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በንዴት ብቻ አልፈው ነበር። ሌላ ጨዋታ ደግሞ አለ። ስልኩ አንድ ድምፅ ያሰማና የድምፁን ፊደል ምረጪ ይላል። «ክ» አለ። ልጅቱ ሳታመነታ «ኬ» የምትባለውን ፊደል ነካች። ቀይ! ማሽኑ የፈለገው «ሲ» የምትባለዋን ነው፤ ድመት በእንግሊዝኛ የሚጻፍባትን። እንደገና «ክ» አለ፤ እንደገና «ኬ»ን ነካች፤ እንደገና ቀይ። በሪፖርቱ ላይ «ፊደልን ከድምፅ ማዛመድ፦ ደካማ» የሚል ተጽፏል።

አሁን ነገሩን ልብ በሉልኝ። ልጅቱ በትምህርት ቤት የምትማረው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የላቲንን ፊደል ይጠቀማል፤ ድምፁን ግን ለራሱ ቋንቋ እንዲስማማ አድርጎ ነው የወሰደው። በቁቤ «ክ» የሚጻፈው በ«ኬ» ነው። «ሲ» ደግሞ «ጭ» ናት፤ «ኤክስ» «ጥ» ነው፤ «ኪው» «ቅ» ነው። የእንግሊዝኛውን ድመት በቁቤ ያነበበ ልጅ «ጨት» ይላል፤ ሣጥኑን ያነበበ ደግሞ «ቦጥ» ይላል። ትክክልም ነው! እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ያልተሳሳተችውን ነው ማሽኑ ስሕተት ብሎ የመዘገበባት። ያላወቀችውን ኮከብ ሰጣት፤ ያወቀችውን ቀይ ቀባባት።

እናቴ ጥግ ይዛ ስታይ ቆይታ «ኮቱ እስቲ፣ መጽሐፍሽን አምጪው» አለቻት። ልጅቱ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፏን አመጣች። እናቴ ማንበብ የተማረችው በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም በግዕዝ ፊደል። ቁቤ አታነብም። ቋንቋውን ግን አሳምራ ታውቃለች። አንድ ገጽ ገልጣ ሥዕሉን በመዳፏ ከደነችው። «አሁን አንብቢው።»

ልጅቱ ጀመረች። ቀስ እያለች፣ በጣቷ እየተከተለች፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ እየተመለሰች። እናቴ ከመሃል አንድ ቃል ትጠቁምና «ይኼስ?» ትላለች። ደግሞ ከታች ትጠቁማለች። በመጨረሻ «ምን ሆነ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ታሪኩን በራሷ አፍ ነገረቻት።

«ፊደሉን እኔ አላውቀው ይሆናል፤ የሚያነብና የሸመደደ ግን ለይቼ አውቃለሁ» አለችን እናቴ። «ይቺ ልጅ ታነባለች። ብቻ ዝግ ያለች ናት። ከጎኗ ሰው ይቀመጥ።»

የስድስት ወር ሪፖርት ያልነገረንን አንዲት አሮጊት በሩብ ሰዓት ነገረችን። ያውም ምን መደረግ እንዳለበት ጨምራ!

አንባቢዬ ሆይ፣ ይኼ ሰው ቴክኖሎጂ ይጠላል እንዳትሉኝ። የልጅን ጣት እየቆጠሩ የልጅን ዕውቀት ለመገመት የተሞከረው በእኅቴ ቤት አይደለም የመጀመሪያው። ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው ከዚያው ከአምቦ አቅራቢያ ነው። ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሽቅብ የወጣ ሰው ወንጪ ይደርሳል። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሥር ናት፤ ሐይቋን የማያውቅ የለም። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካኖቹ ድርጅት በእሳተ ገሞራው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ባለችው ወንጪና በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለችው ወለንጪቲ፣ በእያንዳንዳቸው ሃያ ያህል ለሚሆኑ አንደኛ ክፍል ሊገቡ ለደረሱ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የሚባል ታብሌት ሰጠ። አስተማሪ የለም፤ ማብራሪያ የለም። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የተሰጣቸው። አዋቂዎቹ የተማሩት በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረጉን ብቻ ነው።

እዚያ ኢንተርኔት አልነበረም። ታዲያ የልጆቹ እድገት እንዴት ይታወቅ? ታብሌቱ እያንዳንዱን ንክኪ በሚሞሪ ካርድ ላይ ይመዘግባል። በሳምንት አንድ ጊዜ ባለሙያ በመኪና ይመጣና ካርዱን ቀይሮ ይሄዳል። የተሞላው ካርድ ወደ ተመራማሪዎቹ ይሻገራል።

በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ውጤቱን አሜሪካ ውስጥ ለተሰበሰበ ጉባኤ ተናገሩ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይጠቀም ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል መዝሙር ዘመሩ። በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋባቸውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱት። ዓለም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ የወንጪ ልጆች ናቸዋ!

ግን እስቲ አንድ ጊዜ ረጋ ብለን እንየው። በቀን 47 አፕ ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ ለማወቅ ጓጉቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዱም አልያዘው ብሎ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ዋለ ማለትም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሁለቱንም ይናገራል፤ ስለዚህ አንዱንም አይናገርም። ከእነዚህ ወሬዎች መካከል ስለ ንባብ የሚናገር አለ? ማብሪያ ማግኘት ንባብ አይደለም። መዝሙር መዘመር ንባብ አይደለም። ካሜራ መክፈት ብልሃት ነው፤ ንባብ ግን አይደለም። ኔግሮፖንቴም ቢሆኑ ንባቡ ገና ጊዜ እንደሚፈልግ ተናግረዋል። ከልጆቹ አንዱ የእንስሳት ሥዕል ያለበትን ጨዋታ ሲጫወት ቆይቶ በእንግሊዝኛ አንበሳ የሚለውን ቃል መጻፉም ተወርቷል። ደስ ይላል። በእናቱ ቋንቋ አንበሳ «ሌንጫ» ነው። ያንን መጻፍ ይችል እንደሆነ የሚያይለት ጨዋታ ቢኖር ደስታዬ እጥፍ ይሆን ነበር።

ሌላም ነገር ተብሏል። ልጆቹ ከዚያ በፊት የታተመ ጽሑፍ፣ የመንገድ ምልክት፣ ጽሑፍ ያለበት እሽግ እንኳ አይተው አያውቁም ተባለ። የአምቦ ውኃ የሚታሸግበት ሰንቀሌ እኮ ሩቅ አይደለም! ያ ጠርሙስ ያልገባበት ጋራ በሸዋ ምድር ካለ አሳዩኝ። ይኼን የምለው ለክርክር አይደለም። ሰው ከዜሮ ተነሣ ሲባል የተጓዘው ሁሉ ረጅም ይመስላልና ነው። መነሻው በደንብ ያልተለካ ጉዞ መድረሻው አይታወቅም።

ለተመራማሪ ካርዱ ይበቃው ይሆናል፤ ሙከራ ነው። መከራው የመጣው የተመራማሪው መሣሪያ የወላጅ ሪፖርት ሲሆን ነው። ያኔ ንክኪው «እድገት» ተባለ፤ ዝምታው «ማቋረጥ» ተባለ። መዝገቡ ደግሞ ክላውድ በሚሉት ደመና ላይ ነው አሉኝ የሚቀመጠው። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያሉት ለካ ለዚህ ኖሯል! የልጅቱ መዝገብ ሰማይ ላይ ነው። የክፍሏ አስተማሪ አላየውም። ብጠይቀው «እኛ ጋ የሚመጣው ስንት ልጅ እንደገባ የሚናገረው ቁጥር ነው» አለኝ። እንግዲህ ለማን ነው የሚቆጠረው?

ይኼ በሽታ የፈረንጅ ብቻ ነው ብዬ ብደመድም ሐሰተኛ እሆናለሁ። እኛም ቆጥረናል። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለመ ትልቅ ሥራ ነበር። እናቴ የዚያ ፍሬ ናት። የምስክር ወረቀቷ እስከ ዛሬ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ አለ። ግን ወረቀቱ እየተቆጠረ መንግሥት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከ60 በመቶ አልፏል አለ። በ1987 ዓ.ም. ሕዝቡ ራሱ ሲቆጠር ሩብ እንኳ ሳይሞላ ተገኘ። እናቴን ስለዚህ ስጠይቃት አልገረማትም። «ወረቀቱን ሁላችንም ወሰድን። የቀጠልነው ግን ማታ ማታ ሰው ያስነበበን ነን» አለችኝ።

በቅርቡም ያው ነው። ልጆቻችን በዝቅተኛ ክፍሎች በተከታታይ ምዘና ስም ሳይወድቁ ያልፋሉ፤ ካርዳቸው ያምራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ መኮራረጁ ተገትቶ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ልጆቹ በአንድ ሌሊት አልደነቆሩም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፖርታቸውን ስንቆጥር እነሱን ሳንሰማቸው ቆይተን ነው።

መስማት ስል የማይሆን ነገር እየጠየቅሁ አይደለም። የቆሎ ትምህርት ቤት የኔታ ይኼን ያውቁ ነበር። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ በዜማ ከዳር እስከ ዳር ይወርደዋል፤ ዐይኑን ጨፍኖም ይለዋል። ለዚህ ነው ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብሎ ፊደሉ ሲዘበራረቅ ዜማው አያድንም፤ ያወቀና የሸመደደ ይለያል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ፣ አንድ በአንድ እያስነበቡ ነው የሚያሻግሩት። እናቴ ሥዕሉን በመዳፏ የከደነችው የዚሁ ዘመድ ነው።

የዘመናዊዎቹም መለኪያ ሲመረመር ከዚህ አይርቅም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስምንት አካባቢዎች ከ13,000 በላይ ተማሪዎች በየቋንቋቸው ንባብ ሲለኩ ዘዴው ቀላል ነበር። አንድ ልጅ ከአንድ መዛኝ ፊት ይቀመጣል፤ ለአንድ ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ስላነበበው ይጠየቃል። ውጤቱ መራራ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም። መራራ ቢሆንም እውነት ስለነበር ከዚያ በኋላ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠው የንባብ ትምህርት በአዲስ መልክ እንዲዘጋጅ ምክንያት ሆነ። ሪፖርት ማለት ይኼ ነው፤ የሚያሳፍርም ቢሆን የሚያሠራ።

ታብሌቱም ቢሆን አብሮ መሄድ ይችላል። በወንጪው ሙከራ ዘመን ከድርጅቱ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ማት ኬለር በኋላ ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ የተባለውን ውድድር መርተዋል። በታንዛንያ ታንጋ ውስጥ 2,700 ያህል ሕፃናት ለ15 ወራት በታብሌት ተማሩ። ልዩነቱን ተመልከቱ። ትምህርቱ በስዋሂሊ ነበር፤ በሚያውቁት ቋንቋ። ታብሌቱ የመዘገበው አልበቃም ተብሎ ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ በሰው ፊት አነበቡ። ሲጀመር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሲያልቅ ይኼ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሁለት አሸናፊዎች ተሸለሙ። ግማሹ አልቻለም ብሎ ለመናገር ያልፈራ መዝገብ ስለሆነ አምነዋለሁ።

አንድ የጊንጪ አስተማሪ ወዳጄ ይኼን ስነግረው «ወንድሜ፣ የኔታ አሥር ልጅ ነበራቸው። እኔ ስልሳ አምስት ነው ያለኝ። እያንዳንዱን ልስማ ብል መንፈቁ ያልቅብኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ማሽኑ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከስልሳ አምስቱ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትሰማቸው እነዚህ አምስቱ ናቸው ብሎ ይንገረው። መስማቱን ግን አይንጠቀው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፕላዝማ ሲሰጥ ያየነውን እናውቃለን። ፕላዝማው ይጠይቃል፤ ተማሪው አፉን ሳይከፍት ራሱ ይመልሳል፤ አስተማሪው ማጥፊያና ማብሪያ ጠባቂ ሆኖ ቆመ። ያንን ስሕተት በእጅ ስልክ ልክ አሳንሰን አንድገመው።

እንግዲህ የልጃችሁን የንባብ እድገት በስልክ እንከታተላለን የሚሉ ሲመጡ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ልጄ ድምፅዋን አውጥታ ስታነብ የሰማት ማነው? የሰማትስ በየትኛው ቋንቋ ነው? ሪፖርቱ ነገ ጠዋት እጁ የሚገባው፣ ምን እንደሚያደርግበትም የሚያውቀው ማነው? ለሦስቱም መልስ ካላቸው ገንዘባችሁንም ስልካችሁንም ስጧቸው። መልስ ከሌላቸው የያዙት መዝገብ የጣት መዝገብ ነው።

በኋላ እኅቴ ፕሮግራሙን አጠፋችው። ክፍያው ስለከበዳት ሳይሆን ስለ ልጇ ምንም ስላልነገራት። በምትኩ ማታ ማታ ልጅቱ ለአያቷ አንድ ገጽ ታነብ ጀመር። እናቴ ቁቤ ሳታውቅ ቁቤ አስነበበች። ሁለተኛው ወር ላይ እናቴ «ዛሬ ሳትቆም ጨረሰችው» አለችኝ በስልክ። እኅቴ ያኔ ሁለት መቶ አሥር ኮከብ ስትለኝ ያልተሰማኝ ነገር ተሰማኝ። ቁጥር አልነበረውም። ለሥራ ጓደኞቼም አላወራሁትም።

የአማርኛ ነገር ይገርመኛል። ማንበብ መማርን «ፊደል መቁጠር» ይለዋል፤ ኮከብ መቁጠር ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ልጆቻችን ፊደል ይቁጠሩ። ኮከቡን ለባለሙያው እንተውለት።